ባል ያስጠናው አልትራሳውንድ

እንድርያስ የታክሲ ሹፌር እንጂ ሐኪም አይደለም። ሆኖም ሚስቱ መቅደላዊት ለመጀመሪያ ጊዜ አልትራሳውንድ ልትነሳ መሆኑን ስትነግረው፣ ራቱን እየበላ ያስጠናት ጀመር።

"ጠዋት ውሃ በደንብ ትጠጫለሽ። ሽንትሽ ቢመጣም ቻይው፤ ፊኛ ሲሞላ ነው ማህፀን ጥሩ የሚታየው። ሆድሽ ላይ የሚቀቡሽ ነገር ይቀዘቅዛል፣ እንዳትደነግጪ። ሐኪሟ ዝም ካለችም አትፍሪ፣ የልቡን ምት እየፈለገች ነው። እጅና እግር ደግሞ አትጠብቂ፤ ገና ባቄላ ነው የሚያክለው።"

መቅደላዊት መጀመሪያ ደስ አላት። የጓደኞቿ ባሎች እንኳን ይህን ሊያውቁ፣ የክሊኒኩን በር አያውቁትም። ቆየት ብላ ነው ነገሩ የከነከናት።

"ይሄን ሁሉ ማን ነገረህ?"

"ሰው" አለ እንድርያስ፣ ቀና ሳይል።

ሰው የተባለው ማን እንደሆነ መቅደላዊት ለመገመት አልቸገራትም። እንድርያስ በየጠዋቱ ከአያት ኮንዶሚኒየም በኮንትራት የሚያመላልሳት ቢፍቱ የምትባል የባንክ ሠራተኛ አለች። ቆንጆ ናት፤ የኋላው ወንበር ባዶ እያለ ከፊት ነው የምትቀመጠው። ሰሞኑን ደግሞ እንድርያስ ከሰዓት በኋላ ስልክ አያነሳም።

ቅዳሜ እንጦጦ እናቷ ዘንድ ወጣች። ወይዘሮ ዘርትሁን መቅደላዊትን የወለዱት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ስለሆነ፣ አብረው ሲሄዱ የማያውቃቸው ሰው እህትማማቾች ይላቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ባሕር ዛፉ ሥር ባለው አሮጌ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስታቸው የሞቱባቸው ጎረቤት፣ የደን ጠባቂው አቶ ለይኩን፣ አጥሩን ሲጠግኑላቸው ነበር።

ከጎረቤት የመጣው የቁሌት ሽታ መቅደላዊትን ሲያቅለሸልሻት እናቷ ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ። እሳቸውም ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

"እማዬ፣ እንድርያስ ሌላ ሴት አስረግዟል" አለች መቅደላዊት።

የወይዘሮ ዘርትሁን ፊት ተለወጠ። "ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

"ማንም። አልትራሳውንዱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ነው የሚወጣው። ሴት ይዞ ካልሄደ ከየት ያውቀዋል?"

"አትቸኩዪ ልጄ። እንድርያስ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለም።"

"አንቺ ሁሌም የምታደዪው ለእሱ ነው።"

መቅደላዊት ያን ዕለት ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ እናቷም ያልተረዷት መስሏት አዘነች።

ሰኞ ባልና ሚስቱ መገናኛ አካባቢ ወዳለው ክሊኒክ ሄዱ። የበሩ ጥበቃ እንድርያስን ሲያየው ፈገግ አለ።

"ዛሬ ደግሞ ሌላ ሰው ይዘህ መጣህ?"

እንድርያስ አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ውስጥ ሁሉም ነገር እሱ እንዳለው ሆነ። የቀቧት ነገር ቀዘቀዛት። ሐኪሟ ዝም አለች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙራ አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል ነጥብ አሳየቻት። "ይኸው ልቡ" አለቻት። መቅደላዊት አለቀሰች፤ ሐኪሟ የደስታ እንባ መሰላት። መቅደላዊት ግን ይህን ደስታ ባሏ ከሌላ ሴት ጋር ቀድሞ ቀምሶት፣ ለእሷ የደረሳት ትራፊው እንደሆነ ነበር የምታስበው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

እንደወጣች መኪናው አጠገብ ያዘችው።

"ከማን ጋር ነው የመጣኸው? ከቢፍቱ ጋር ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ከማን ጋር ነው?"

"መቅዲ፣ ልነግርሽ አልችልም። በታቦት ምያለሁ።"

"ለሌላ ሴት ብለህ በታቦት ማልክ?"

እንድርያስ የመኪናውን በር ከፈተላት፤ እሷ ግን አልገባችም።

"በቃ፣ ይሄ ልጅ አባት የለውም" አለችው። ቤት ገብታ ልብሷን በሻንጣ አጨቀችና በሌላ ሰው ታክሲ እንጦጦ ወጣች።

ወይዘሮ ዘርትሁን ሻንጣውን ሲያዩ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

"ትቼው መጣሁ፣ እማዬ። ልጄን እዚሁ አንቺ ጋ ነው የማሳድገው። ከእንግዲህ የማምነው ሰው አንቺን ብቻ ነው።"

እናቷ ወደ ደጅ ዞረው "ለይኩን፣ ና እስቲ ግባ" አሉ።

አቶ ለይኩን ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። የእንግዳው ወንበር ባዶ እያለ፣ መደቡ ላይ ከወይዘሮ ዘርትሁን ጎን ተቀመጡ።

"እንድርያስን ያስማልኩት እኔ ነኝ" አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ መሬት መሬት እያዩ። "እሱ የወሰደኝ ክሊኒክ፣ ወንድምሽ ይሁን እህትሽ ገና አይታወቅም ብለውኛል።"