የተጠረገ ድምፅ

ሮዳስ ኮምፒውተሩን ስትከፍተው ወዲያው በራላት። «አየሽ?» አላት ባሏ ፍሥሐ ፈገግ ብሎ። «እየተንቀራፈፈ ሲያናድድሽ አይቼ፣ ትናንት አላስፈላጊውን ፋይል ሁሉ ጠረግኩልሽ። የዲስኩ ግማሽ ባዶ ሆኗል።»

እናቷ ወለተ ጊዮርጊስ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ የመጡት የሟች ባላቸውን፣ የመሪጌታ ደምሴን ዜማ ሊሰሙ ነበር። ሮዳስ የአባቷ ስልክ ከመበላሸቱ በፊት በስልኩ የተቀዱትን ዜማዎች ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጣ፣ ዳውንሎድስ የሚለው ፎልደር ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። ፎልደሩን ከፈተችው። ምንም የለበትም። የተሰረዘ ፋይል የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም አየች፤ እሱም ባዶ ነው።

«ፍሥሐ፣ ዳውንሎድስንም ጠረግከው?»

«የተዘረዘሩትን ሁሉ መርጬ ነው ያጠፋሁት። ምን ነበረበት?» አለ ፊቷን እያየ።

በክፋት አድርጎት ቢሆን ትጮህበት ነበር። ለእሷ ብሎ ማድረጉ ነው ይበልጥ ያንገበገባት። ወደ እናቷ ዞረች፤ እውነቱን ለመናገር ግን አንደበቷ አልታዘዝ አለ።

«እማዬ፣ ዛሬ እንቢ ብሎኛል።»

«ግድ የለም ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ሞክሪው» አሉ እናቷ፤ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ እያሉ። «መልካቸው እንኳ በፎቶ አለ። የጠፋኝ ድምፃቸው ነው። ላስታውሰው ስል የሌላ ሰው ድምፅ ይመጣብኛል።»