የተሳቢው ግራ ጥግ

በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር የሚኖረው ሬይኖ በሁለት ክረምት ሁለት ተሳቢ ሰብሯል፤ ሁለቱም የተሰነጠቁት ከኋላ በግራ ጥጋቸው ነው። የሚጭንባቸው ደግሞ በበረዶ ላይ የምትነዳ አንዲት ቀላል ሞተር ብቻ ናት። ዘንድሮ አማርጦ ወፍራም የአሉሚኒየም ተሳቢ ገዛና ወደ ጎረቤቱ ወደ አርቪድ ጋራዥ ወሰደው። አርቪድ በየጥጉ ተጨማሪ አንጎላሬ ብረት በቡሎን አሰረለት።

“በል፣ አሁን ድብ ከነልጆቿ ብትጭንበትም አይበገርም!”

“እሱ አይበገር፤ እኔ ግን ደክሞኛል” አለ ሬይኖ።

ባዶውን ተሳቢ በፒክአፑ እየጎተተ ሲመለስ ነዳጅ ሊቀዳ ማደያ ገባ። ቀጂዋ አውኔ ብቅ አለች።

“ኧረ ጋሽ ሬይኖ፣ ምን ጭነው ነው ባሌስትራው እንዲህ የተኛው?”

ወርዶ አየ። ተሳቢው ላይ ምንም የለም። የግራው ጥግ ግን ጎማውን ሊነካ ደርሷል። ከሥሩ ይዞ ሽቅብ ቢገፋው ንቅንቅ አላለም። አውኔ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

ሬይኖ ለመፍራት እንኳ አቅም አልነበረውም። የፒክአፑን የቀኝ በር ከፈተና ወደ ባዶው ተሳቢ ዞረ።

“ብርድ ነው” አለ በሰለቸ ድምፅ። “ና ግባ በቃ።”

የተሳቢው ጥግ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ጥቂት ቆይቶ ፒክአፑ በቀኝ በኩል ዝቅ አለ።