የደረቀው ጠርሙስ

«ገና አልጠገበም፤ ጨምሪበት» አለ አባቷ፣ ጠርሙሱን አፍንጫው ሥር አድርሶ እየመለሰ።

ልብስ ሰፊዋ ልጁ የስፌት መኪናዋን አቁማ አየችው። የድሮ የማርማላታ ጠርሙስ ነው። ሥሩ ላይ ጄሶ ተበጥብጦ ፈስሶበት ደርቋል። ጄሶው አሴቶን ይጠጣል፣ የጠጣውን ደግሞ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ ክዳኑ ሲገጠምበት ውስጥ የገባች ጥንዚዛ ብዙም ሳትፈራገጥ ታሸልባለች። ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ያው አሴቶን ነው። ልዩነቱ፣ አባቷ የሚገዛው በጀሪካን ነው።

«አባዬ፣ ከዚህ በላይ ምን ይጠጣ? ሊሰክር እኮ ነው።»

«ዝም ብለሽ ጨምሪ። አምና አንዷ ሞታለች ብዬ ከትቻት፣ ስነሳ ኮሌታዬ ላይ ስትንሸራሸር አገኘኋት። ዘንድሮ አልሸወድም።»

ሳቀችና ጨመረችበት። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ጠርሙሶች ግን አልነካቻቸውም፤ መጀመሪያ መረቡን ልጨርስ አለች።

መስኮቱን የዘጋው አባቷ ራሱ ነው። ነፋስ ከገባ የጄሶው ዱቄት ይበናል፣ የተቆረጠውም የአጎበር ጨርቅ ይበታተናል ብሎ። ከምሳ በኋላ ከዚህች ዕቃ ቤት አልወጡም። እሷ የመረቡን ከረጢት ትሰፋለች። እሱ የመጥረጊያ እጀታ ላይ የሽቦ ቀለበት ያስራል፤ ሲሰለቸው የውሃ ፕላስቲኮችን አንገት ቆርጦ፣ ገልብጦ መልሶ ይከትና መሬት የሚቀበር ወጥመድ ያደርጋቸዋል። የገባ ይገባል እንጂ አይወጣም። ሽቦውን ሲጠመዝዝ እጁ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። እሷም ይህን አይታ ደስ ብሏታል።

የመጣችው ለመስፋት ብቻ አልነበረም። አባቷ ነገ ጠዋት ጥንዚዛ ሊሰበስብ ወደ ጫካው ይሄዳል፤ ወቅቱ እስኪያልፍ በአንዲት የእንጨት ጎጆ ብቻውን ይከርማል። የየዓመት ልማዱ ነው። ዘንድሮ ግን የእናቷ ልብ አልቀበል ብሏል። «ድስቱ ከሰል እስኪሆን አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል» አለቻት። «የተበላሸ ወተት ጭልጥ አድርጎ ጠጥቶ ምንም አላለም። ጭንቅላቱን ነው መሰለኝ። እስቲ አንቺ እይው። ይሂድ ካልሽ ይሂድ።» ይህን ብላ እህቷ ቤት ሄደች።

ልብስ ሰፊዋም እየሰፋች ስትመረምረው ዋለች። የጥንዚዛዎቹን ዓይነት ጠየቀችው፣ የጎረቤት ልጆችን ስም ጠየቀችው፣ አምና የወረደበትን መንገድ ጠየቀችው። አንድም አልሳተም። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «ምነው ልጄ፣ ፈተና ልቀመጥ ነው እንዴ?» ሲላት አፈረች።

ራሷን ይወጋት ጀምሯል። ዓይኗም ያነባል። ቀዳዳ ብቻ በሆነ ጨርቅ ላይ ሲያፈጡ መዋል ነው ብላ ተነሳች፤ ግቢ ወጥታ ፊቷን ታጠበችና እናቷ ጋር ደወለች። «እማዬ፣ ጭንቅላቱ ከእኔም ከአንቺም ይሻላል። ነፃ ነው፣ ይሂድ» አለቻት። እናቷ ስትተነፍስ በስልኩ ተሰማት። ሁለቱም ስለ ድስቱ ሳቁ።

ስትመለስ፣ በሩን እንደ ከፈተችው ሽታው በጥፊ መታት።

ጠረጴዛው ሥር ጀሪካኑ ተጋድሟል፤ ክዳኑ ላልቷል። አሮጌው ምንጣፍ ከዳር እስከ ዳር ረጥቦ ጠቁሯል። አባቷ እርጥቡን ረግጦ ተቀምጦ በለሆሳስ ያንጎራጉራል። መስኮቱ ላይ ጥዝ ስትል የዋለችው ዝንብ ድምጿ የለም። ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠርሙሶቹ ሁሉ ውጭ፣ በጀርባዋ ተንጋላለች።

«ይቺ ደግሞ ምን ነካት?» አለ በወረንጦ እያነሳት። ወረወራትና የሰፋችውን መረብ ወደ ራሱ ሳበ። «ጎበዝ። ናይለን ስለሆነ ጫፉ ይተረተራል፤ እሳት ላስነካው።» ከሸሚዝ ኪሱ ክብሪት አወጣ።

እንዴት እንደ ደረሰች አታውቅም። እንጨቱን ከሳጥኑ ሳያገናኝ ሁለቱንም እጆቹን አፍና ያዘች።

«አባዬ! አይሸትህም?»

«ይሸተኛል እንጂ! ምን ሆነሻል አንቺ?» አንድ እጁን አስለቀቀ፤ ቅርቡ ያለውን ጠርሙስ አንስቶ አፍንጫው ሥር አደረገው፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሳበና እንደ አዋቂ ራሱን ነቀነቀ። «ይኸው፣ ይሄኛውማ ደህና አድርጎ ጠጥቷል።»

ጠርሙሱ ደረቅ ነበር። አንዲት ጠብታ አልነካውም።

ዓይኗን ጠርሙሱ ላይ ተከለች። እሱም ፊቷን አየ፤ ከዚያ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ፣ እንደ ኖራ የነጣውን ጄሶ አየ። ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ድስቱም ወተቱም የጭንቅላት ጉዳይ አልነበሩም። አፍንጫው መሥራት ማቆሙን ያውቅ ነበር። አውቆ፣ ከሁሉም ደብቆ፣ ያለ አፍንጫው ሲያሸት ከርሟል።

ጎንበስ ብሎ ከጫማው ሥር ያለውን ምንጣፍ ተመለከተ። «ብዙ ነው?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ንገሪኝ ልጄ። ሽታው ብዙ ነው?»

እሷ ክብሪት የያዘውን እጁን አልለቀቀችም። በተከፈተው በር በኩል ለነገ የተሰናዳው ሻንጣው ይታያል፤ ላዩ ላይ ትንሿ የጋዝ ምድጃ በገመድ ተጠፍንጋለች።