ጋሽ ጭራ ከፊት

"ጋሽ ጭራ፣ ከእንግዲህ ይበቃዎታል" አለቻቸው የብስክሌት ክለቡ ሊቀመንበር፣ አዲሱን ስልክ የብስክሌታቸው መሪ ላይ እያሰረች። "ማን እንደቀረ ይሄ ይነግረናል፤ እርስዎ ከፊት ይንዱልን።" የደከመውን እየሰበሰቡ ከሁሉም ኋላ መንዳት የሳቸው ሥራ ነበር። እሺ ብለው ከፊት ነዱ፤ የጎማ መንፊያቸውን ግን ከወገባቸው አልፈቱም።

ዳገቱ ላይ ወጣቶቹ "ጋሼ፣ በርቱ!" እያሉ ተራ በተራ ሁሉም አለፏቸው። ሳቃቸው ከመታጠፊያው ወዲያ ጠፋ። መንገዱ ላይ የሽማግሌው ትንፋሽና የሰንሰለቱ ሲጥሲጥታ ብቻ ቀሩ። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

"አንድ አባል ወደ ኋላ ቀርቷል።"

ፊታቸው በራ። "አላልኩም ነበር?" አሉ። ብስክሌቱን አዞሩና "አይዞህ፣ መጣሁልህ!" እያሉ ባዶውን ቁልቁለት ተያያዙት።