ብልቃጡ

ሉፐስ የሚሉት፣ ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ የሚነሳበት ያ ክፉ ደዌ ኩላሊቷን ከነካው ሁለት ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ፊቷ ሲያብጥ ነገሩ ገብቷታል። ዛሬ ሽንቷ ቢመረመር ሐኪሟ አስተኝተው አይለቋትም። እሑድ ደግሞ የታናሽ እህቷ ሰርግ ነው። እናት አባት የሌላትን ልጅ እሷ ካልዳረቻት ማን ይድራታል?

ሆስፒታሉ መጸዳጃ ቤት ደጃፍ ላይ የሽንት መስጫውን ብልቃጥ ለሙሽራዋ አቀበለቻት። "ቤዚ፣ በእኔ ፈንታ አንቺ ስጪ።"

"ኧረ እትዬ፣ ይሄ ነገር ጥሩ አይደለም!"

"ሰርጉ ይለፍ እንጂ ሰኞ ራሴ መጥቼ እተኛለሁ። በሞቴ!"

ቤዛዊት እያቅማማች ገባች። ብልቃጡን ሞልታ ስትመለስ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

"ባለፈው ወር በልኬ የገዛሁት ጫማ ዛሬ ጠቦ ገደለኝ" አለች።

"የሙሽራ እግር መቼ ዕረፍት አለው!" አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ውጤቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሽንትሽ ውስጥ ብዙ ፕሮቲን አለ፤ ደምም ታይቷል። ኩላሊትሽ አደጋ ላይ ስለሆነ ዛሬውኑ ትተኛለሽ።"

እሷ የሐኪሙን ፊት አላየችም። ዐይኗ ያረፈው አጠገቧ በተቀመጠችው እህቷ እግር ላይ ነበር። ሂና የተቀባው ቁርጭምጭሚት አብጦ፣ የካልሲው ላስቲክ ዙሪያውን ሰርጉዶታል።

"ዶክተር" አለች፣ "ሁለት አልጋ ይገኛል?"