የቀብር ሰዓት

ናስር ወልድያ ተቀምጦ ቅሬ የሚባለው የመርሳ እድር አባላት በስልክ የላኩትን መልእክት በኮምፒውተር ይለያል። ከየመልእክቱ ስምና ሰፈር ማውጣት የግድ ነው፤ የቀብርን ሰዓት ግን ከተጻፈ አውጣው፣ ካልተጻፈ ባዶውን ተወው ብሎ ኮምፒውተሩን አዞታል። እናቱ ሀጂራ ከስሟና ከሰፈሯ ጋር የላከችው አዲስ ስልክ ቁጥሯን ብቻ ነበር። ከስሟ ትይዩ ግን «ዛሬ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ» የሚል ወጣ።

መልእክቷን መልሶ አነበበው። ስለ ቀብር አንድም ቃል የለበትም። ትእዛዙን ፈትሾ ደገመው፤ ያው ነው። ደወለላት።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምነው ድምፅህ ጅብ እንዳየ ሰው ሆነ?»

«ምንም።»

«እንኳን ደወልክ። የቅሬው ሰው ግቢዬን ሞልቶ ድንኳን ይተክላል። ማን ሞተ ብላቸው ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም።»