የማፔሎ አስታማሚ

ማፔሎ አልጋ ላይ ከዋለች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ ምላሷ ግን አንድም ቀን አልታመመም።

ውጭ የሐምሌ በረዶ ከደጃፉ እስከ በጎቹ በረት ተነጥፏል። ቤት ውስጥ የላምባው ማሞቂያ ይነዳል፤ እግሯ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ጡብ፣ ራስጌዋ ላይ የተላጠ ብርቱካን አለ። ሌላ ሴት ብትሆን ተመስገን ትል ነበር። ማፔሎ ግን ምራትን ማመስገን ማባለግ ነው ባይ ናት።

"ጡቡ በርዷል፤" አለች።

ምራቷ ፑሌንግ ጡቡን አንስታ ማሞቂያው ላይ አስቀመጠችው። "አሁን ይሞቃል፣ እማማ።"

"አሁን፣ አሁን። አባትሽ ቤት ሁሉ ነገር አሁን ነበር መሰለኝ።"

ፑሌንግ አልመለሰችም። ማፔሎን የሚያበግናትም ይኸው ነው። አፍ ያላት ምራት ብትሆን እኮ በጭቅጭቅም ቢሆን ቀኑ ይመሽ ነበር።

ልጇ ፔሎ ይቺን ከቆላው አምጥቶ እዚህ ጥሏት ወደ ወርቅ ማዕድን ማውጫው ከተመለሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ለዕረፍት ይመጣል። ማፔሎ የምትለውን ከወዲሁ አሰናድታለች፤ ወይ እሷ ወይ እኔ። ከአራት ልጆች የቀራት እሱ ብቻ ነው፤ የእናቱን ቃል ደግሞ አጥፎ አያውቅም። ምራቲቱ ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች፤ አለቀ።

የማሽላ አጥሚቱ መጣላት። ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

"ይሄ አጥሚት ነው የእግር መታጠቢያ?"

"ማር ልጨምርበት፣ እማማ?"

"ማር ሙያ አይሆንም።" እያለች ግን ጥርግ አድርጋ ጠጣችው።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ በቀደም መጥታ ደረቷን አዳምጣ፣ "ልብዎ ደክሟል፤ እንዳይደነግጡ፣ እንዳይናደዱ" ብላ ሄዳለች። ትናንት ጡት የጣለች ልጅ ስለ ማፔሎ ልብ ታውቃለች እኮ! ለሱ ለሱማ ይህችን ምራት ከቤት ማስወጣት ነበር መድኃኒቱ።

"ራዲዮውን ክፈቺልኝ እስቲ።"

"ባትሪ ድንጋዩ አልቋል፣ እማማ።"

"ግዢ ነዋ።"

"መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል።"

"ለላምባ ክፍት ነው፣ ለባትሪ ድንጋይ ዝግ ነው። ጉድ እኮ ነው።"

በየምሽቱ በራዲዮ የሟቾች ስም ይነበባል። ማፔሎ ማን እንደሞተ ሰምታ፣ "እሱ ደግሞ መቼ ሰው ነበር" ካላለች እንቅልፍ አይወስዳትም። ይቺ ልጅ እሱንም ቀማቻት። ስልክ ስትጠይቅም መልሱ ያው ነው፤ ኔትወርክ የለም። እናትና ልጅ እንዳይገናኙ ማን እንደሚፈልግ ማፔሎ ታውቃለች።

ጎረቤቶቹንም አበላሽታባታለች። ድሮ ገብተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወሬ ያራግፉ ነበር። አሁን ደጃፍ ላይ ቆመው የፑሌንግን እጅ ይዘው ያንሾካሹካሉ፤ እሷን ብቅ ብለው አይተው "እግዜር ይማርሽ፣ ማፔሎ" ይላሉ፤ እብስ። አማቷን ስታማላቸው ከርማ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ይባስ ብላ ቅዳሜ ዕለት ጎረቤታቸውን ማሊኔዮን አስቀምጣላት ማልዳ ወጣች፤ የተመለሰችው ሲመሻሽ ነው። ዓይኗ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሲጠጣ የዋለ ሰው ዓይን መስሎ። ማፔሎ ያን ቀን ከማሊኔዮ ጋር ነበር የዋለችው፤ እሷም እንዲያው ዝም ብላ ሹራብ ስትሠራ ዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከወንዙ ማዶ የቀብር መዝሙር ሲሰማ፣ ማፔሎ ጠየቀቻት።

"ማን ሞተ?"

"የማዶ ሰው ነው።"

ማፔሎ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማች። "ምን ዓይነት ቀብር ነው? የእናት ልቅሶ እንኳ አይሰማበትም። እናቱ ድንጋይ ናት እንዴ?"

ማሊኔዮ ሹራቧ ላይ አቀረቀረች። ሰነፍ ሁሉ እንዲያ ነው።

ዛሬ ደግሞ የወንድ ድምፅ መጣ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ማፔሎ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አዳመጠች።

"እስከ መቼ ትደብቂያታለሽ?" አለ ሰውዬው።

"ትንሽ ትጠንክር። እኔው ራሴ እነግራታለሁ።"

"ለአንቺም ከብዷል እኮ።"

"እችለዋለሁ።"

እንግዲህ ምስጢሯ ወጣ። ማፔሎ የልቧ ምት ጆሮዋ ድረስ ተሰማት፤ ከንዴቱ ደስታው በለጠ። ፔሎ ይስማ ብቻ።

ፑሌንግ ገብታ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ማሞቂያው አጠገብ ተንበረከከች።

"ማነው ሰውዬው?"

"የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ እማማ።"

"ሽማግሌ። ቅዳሜ ሲያጠጣሽ የዋለውም እሱ ነዋ። ልጄ መሬት ሥር ገብቶ ይለፋል፣ አንቺ እዚህ ደጃፌ ላይ ወንድ ታቆሚያለሽ።"

ፑሌንግ ጡቡን በጨርቅ መጠቅለሏን አላቆመችም።

"ስሚ፤ ፔሎ በመጣበት ቀን አንዲት ሌሊት እዚህ አታድሪም። ከዚህ ቤት አንዳችን እንወጣለን።"

"እኔ የትም አልሄድም፣ እማማ፤" አለች ፑሌንግ። እንዲህ ስትመልስ የመጀመሪያዋ ነው። "እኔ ብሄድ ማን ያስታምምዎታል?"

"አንቺ ማነሽና? እኔ ልጅ አለኝ።"

ፑሌንግ ትኩሱን ጡብ እግሯ ሥር ልታደርግላት ጎንበስ አለች። ማፔሎ ከየት እንዳመጣችው በማይታወቅ ጉልበት ቀና ብላ የተከናነበችውን ብርድ ልብስ ጨብጣ ጎተተችው። "ቀና በይና ዓይን ዓይኔን እያየሽ ተናገሪ።"

ብርድ ልብሱ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ የፑሌንግ ራስ፣ ባሏን እንደቀበረች ሴት፣ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል።